ሦስት ላሞች የተከሰሱ ጊዜ

እማማ ዳንጊሴ ማረፋቸውን የሰማሁት ባለፈው ሐሙስ ጠዋት፣ ለሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ስለ ወተት ላም አመጋገብ እያስተማርኩ ሳለ ነው። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ደጋግሞ ተንቀጠቀጠ። ወጥቼ ሳነሳው ጎረቤቴ አቶ መስፍን ናቸው። "እማማ አረፉ" አሉኝና ቀጥሎ የሚሉት ጠፋባቸው። አቶ መስፍን ቃል ጠፍቶባቸው ሰምቼ አላውቅም፤ ስብሰባ ላይ አንዴ ማይክ ከያዙ የሚያስለቅቃቸው የለም። ወደ ክፍል ተመለስኩና ተማሪዎቹን "ዛሬ ይብቃን፤ አስተማሪዬ ሞተዋል" አልኳቸው። አንዷ ልጅ በሐዘኔታ አይታኝ የት ዩኒቨርሲቲ እንዳስተማሩኝ ጠየቀችኝ። "ታቦር፣ ከአጥሬ ማዶ" ብያት ወጣሁ።

እውነቴን ነው። ሁለት ዲግሪ የተማርኩት አገር ቤት፣ ሦስተኛውን ውጭ አገር ነው፤ ላም ምን እንደምትሠራ ያወቅኩት ግን ሀዋሳ፣ ታቦር፣ ከቆርቆሮ አጥር ማዶ ነው። ያውም በግድ። ያውም በድያቸው።

እማማ ዳንጊሴ አጠር ያሉ፣ ትከሻቸው ሰፋ ያለ፣ ስልሳ ዓመት አልፏቸውም የፉርሽካ ጆንያ ከባጃጅ ላይ ብቻቸውን የሚያወርዱ ሴት ነበሩ። ነጂው ልርዳዎት ሲላቸው "አንተ መሪህን ያዝ" ይሉታል። ከእሁድ በቀር እግራቸው ከጥቁር ቦት ጫማ ወጥቶ አያውቅም። እሁድ ሲሆን ግን ነጭ ነጠላ፣ ቆዳ ጫማ፣ ዣንጥላ፤ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱት ደግሞ ቀስ ብለው ነው፣ ሰው ሁሉ እንዲያያቸው።

ከቤታቸው ጀርባ ሦስት ላሞች ነበሯቸው፤ ስማቸውን ከስብከት ነው የወሰዱላቸው። ሰላም፣ ትዕግሥት እና ቸርነት። ሰላም እንደ ስሟ ናት። ትዕግሥት ያላቢዋን ባልዲ በእርግጫ ሳትመታ የዋለችበት ቀን የለም። ቸርነት ደግሞ ወተቷን ትይዛለች፤ ጥጃዋ አጠገቧ ቆሞ ካልሆነ ጠብ አታደርግም። አንድ ቀን ታዲያ ስማቸውን ቢለዋውጡላቸው አይሻልም ወይ አልኳቸው። "ስም ጸሎት ነው፤ የጎደላትን ነው የሰጠኋት" አሉኝ።

ለሰው አማርኛ፣ ለላሞቻቸው ሲዳሙ አፎ ነው የሚናገሩት። አማርኛቸው አጭር ነው፤ ትርፍ ቃል የለበትም። እኛ በአማርኛ አፋችንን የፈታን ሰዎች ተረት ስንጨምርበት ደግሞ አይለቁንም። "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" የሚለውን አንድ ቀን ከአፌ ሲሰሙ ሥራቸውን አቁመው ተቆጡ። ላም ሰማይ ላይ ምን ታደርጋለች? ምን ትበላለች? እበቷስ ማን ላይ ይወድቃል? ይህንን ተረት ያወጣው ሰው ላም የሌለው ነው ብለው ደመደሙ።

ስንተዋወቅም እንዲሁ ነበር። ከወሎ መጥቼ ታቦር ሁለት ክፍል ቤት የተከራየሁ ሰሞን፣ ራሴን ላስተዋውቅ ብዬ በአጥሩ ላይ ብቅ አልኩና ዶክተር መሆኔን፣ የእንስሳት እርባታ አስተማሪ መሆኔን ነገርኳቸው። እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ጨበጡኝ።

"ስንት ላም አለህ?"

"ላም እንኳ የለኝም።"

"በግስ? ዶሮ?"

"የለኝም።"

"ታዲያ ምንህን ነው የምታስተምረው?" አሉና እንደ ማዘን ብለው ግማሽ ሊትር ወተት በነፃ ሰጡኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ "መምህር" አሉኝ። ቃሉን ሲጠሩት ከንፈራቸው ጫፍ ላይ ሳቅ አይጠፋም ነበር።

ጠዋት ጠዋት ወተቱን በጠርሙስ በአጥሩ ላይ ያቀብሉኛል። እኔ ደግሞ በተራዬ የኩሽና ልጣጭ የሞላበት ባልዲ አቀብላቸዋለሁ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ በየቤቱ አንድ አንድ ባልዲ አላቸው፣ ማንጠልጠያው ላይ የየቤቱ ምልክት የሆነ ቁራጭ ጨርቅ የታሰረበት። የእኔ ቢጫ ነበር። ሕጋቸው አንድ ነው፤ ላስቲክ እንዳይገባበት። አንድ ጠዋት እጄን ለወተት ስዘረጋ የታጠበ፣ በደንብ የታጠፈ የላስቲክ ከረጢት ሰጡኝ። ከባልዲዬ የወጣ ነው። "ወተትህ ይሄ ነው ዛሬ፤ ጠጣ" አሉኝ። ቡናዬን ጥቁሩን ጠጥቼ ሥራ ሄድኩ።

እንግዲህ ኃጢአቴን ልናገር።

ከሰባት ዓመት በፊት፣ ዝናቡ በበረታበት ክረምት፣ አቶ መስፍን በስንት ድካም የሠሯትን የእንግዳ ማረፊያ ከፈቱ። ከእማማ ግቢ በመንገድ ብቻ ነው የምትለየው። ክረምቱ ደግሞ እበቱን አላደርቅ አለ። እበቱን ጭኖ ይወስድ የነበረው ጋሪ በጭቃው ምክንያት ሁለት ሳምንት ቀረ፤ ክምሩ አደገ፤ ከበረቱ የሚወጣው እጣቢ በቦዩ ወርዶ ከአቶ መስፍን በር ላይ ተኛ። ሽታው፣ ዝንቡ፣ ምን ልበላችሁ። እንግዶቻቸው አንድ ሌሊት አድረው መሄድ ጀመሩ። አቶ መስፍን ቢናደዱ አይፈረድባቸውም። ችግሩ፣ ማመልከቻ የሚጽፍላቸው ሰው ሲፈልጉ የመጡት ወደኔ መሆኑ ነው። ብዕሬ ጥሩ ነው ተብሎ ተወርቷል፤ እኔም ሲያሞግሱኝ አልችልም።

ያን ሰሞን ከአንድ ትልቅ የውጭ አገር ስብሰባ መመለሴ ነበር። እዚያ ያልተከሰሰ ነገር ቢኖር ዶሮ ብቻ ናት፤ ላምማ ዓለምን የምታሞቅ፣ ውኃ የምትጨርስ፣ መሬት የምትበላ ተብላ ስትወቀስ ነው የሰነበተችው። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ነውና፣ የሰማሁትን ሁሉ ይዤ ተቀመጥኩ። አንድ ገጽ የሚበቃውን ሦስት ገጽ ጻፍኩት። የቦዩን ነገር በሁለት መስመር ጨረስኩና ወደ ሰማይ ወጣሁ፤ የከባቢ አየር ለውጥ፣ የላሞች ግሳት፣ የመጪው ትውልድ ዕጣ። እማማ ዳንጊሴ በሦስት ላም የምድርን ዕድሜ ሲያሳጥሩ የሚያሳይ ጽሑፍ ነበር ማለት ይቻላል። ያውም በእጅ ጽሑፌ፣ አጠገቤ የሰላም ወተት በብርጭቆ ተቀምጦ። ከፈረሙት ጎረቤቶች ግማሾቹ ጠዋት ጠዋት በአጥሩ ላይ ጠርሙስ የሚቀበሉ ናቸው። እኔ ግን አልፈረምኩም፤ ጻፍኩ እንጂ አልከሰስኩም ብዬ ራሴን አታለልኩ።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ቀበሌው ወሰነ። ላሞቹ በአንድ ወር ውስጥ ከመኖሪያ ሰፈር እንዲወጡ፣ ቅሬታ ካላቸው በጽሑፍ አቅርበው በነዋሪው ስብሰባ እንዲታይ የሚል ደብዳቤ ደረሳቸው። እማማ ደግሞ አማርኛ ማንበብ አይችሉም። ታዲያ ደብዳቤውን ይዘው ወደ ማን ይምጡ? በሬ ካራጁ ይውላል አሉ! የቤቴን በር አንኳኩተው ገቡ፣ ወንበር ስቤላቸው ተቀመጡ፣ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አደረጉና "አንብብልኝ" አሉኝ።

አነበብኩ። ደብዳቤው "አመልካቾች እንደገለጹት" እያለ የእኔኑ ዓረፍተ ነገር ይደግመዋል። እሳቸው እስከ መጨረሻው ሰሙና "ይሄ ሰውዬ ግን ጥሩ ይጽፋል" አሉ። እኔ ወረቀቱ ላይ አቀረቀርኩ።

ከዚያ በኋላ የተናገሩት ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ባላቸው ሲሞቱ የመጨረሻው ልጃቸው ገና ይጠባ ነበር። አራት ልጅ ያሳደጉት፣ ሁለቱን ለዩኒቨርሲቲ ያበቁት በላም ነው። አሁን ልጆቹ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዷ ዲላ፣ ሌሎቹም በየሥራቸው ሄደዋል። "ላሞቹ ከሄዱ እኔም ቱላ ወንድሜ ቤት እሄዳለሁ" አሉኝ። "እሱ እጁን ዘርግቶ ይቀበለኛል። ግን በሰው ቤት ተቀምጬ ምን እሠራለሁ? ሞቴን ነው የምጠብቀው። መልሱን አንተ ጻፍልኝ።"

እሺ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? ቶሎ ገላግዬ ከፊታቸው ለመጥፋት ብዬ እዚያው ወረቀትና እስክሪብቶ ሳነሳ እጄን ያዙኝ።

"ሳታይ አትጻፍ" አሉኝ። "አንድ ሳምንት ና። እይ። ከዚያ ትጽፋለህ።"

በማግስቱ ከጠዋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ በረቱ በር ላይ ተገኘሁ። ሰባት ቀን ተመላለስኩ። ዶክተር ሆኜ፣ በሸራ ጫማ፣ ማስታወሻ ደብተር ይዤ። በመጀመሪያው ቀን ትዕግሥት ደብተሩን በላችው፤ ቢያንስ ሽፋኑን።

ያየሁትን ልንገራችሁ። ጠዋት ባልዲዎቹ ከየቤቱ ይሰበሰባሉ፤ የድንች ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የሙዝ ልጣጭ፣ የተረፈ እንጀራ። ከዚያ በባጃጅ ከጁስ ቤቶች የማንጎና የፓፓያ ልጣጭ ይመጣል። የአቮካዶን ግን አይቀበሉም፤ ለብቻው ያስወጡታል። ለምን አልኳቸው። ድሮ አንዲት ጥጃ በሱ እንደሞተችባቸው ነገሩኝ። እኔ በመጽሐፍ ያነበብኩትን እሳቸው አልቅሰው ነው የተማሩት። ከሐይቁ ዳር የታጨደ ሣር ይጨመራል፤ ከጠላ ቤት አተላ፤ ከወፍጮ ቤት ፉርሽካ። ቁጭ ብዬ ዝርዝሩን ሳየው አንድም ሰው የሚበላው ነገር የለበትም። ላሞቹ ባይኖሩ ያ ሁሉ መንገድ ዳር ተጥሎ ይሸት ነበር።

ስለ ሰማይ መሞቅም በሦስተኛው ቀን አነሳሁባቸው። ላም ስታገሳ ከሆዷ የሚወጣው ጋዝ ዓለምን ያሞቃል እንደሚባል ነገርኳቸው። ግድግዳ ይዘው ሳቁ። ሳቃቸው ሲያልቅ "ትዕግሥት ከሆነች አምናለሁ" አሉ። ቀጥለው ግን ባልዲውን አስቀምጠው አሰቡበት፤ የሰው ሐሳብ የማይንቁ ሴት ነበሩ።

"ላም ጥፋት የላትም አላልኩም" አሉ። "ይቺ ግን ከሰው ጋር አትሻማም። አንተ የማትበላውን በልታ አንተ የምትበላውን ትሰጥሃለች። ከሰው አፍ እህል የምትነጥቅ ላም ካለች፣ እሷን ክሰስ።"

"ክሰስ" ሲሉኝ ደነገጥኩ። ቀና ብዬ አየኋቸው፤ እሳቸው የሰላምን ጡት እያጠቡ ነው። አያውቁም ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ቅዳሜ ጭቃው ጠንከር ሲል ጋሪው መጣ። እበቱን ጭነን ከከተማው ወጣ ወዳለው ቱላ ሄድን፤ ወንድማቸው ጋ። ጓሮው እንሰት ነው። ከቤቱ አጠገብ ያለው ግንዱ በሁለት እጄ አይታቀፍም፣ ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ፣ ሥሩ በእበት የተሸፈነ። ወደ ታች፣ እበት ያልደረሰበት ጋ ሲወረድ ግን እንሰቱ ቀጭን፣ ቅጠሉ ቢጫ። አንድ መሬት፣ አንድ ዝናብ፣ አንድ ገበሬ። እማማ በመካከሉ አስኬዱኝ፤ ሄጄ ስመለስ ጠበቁኝና "ሰው ላም ወተት የምትሰጥ ይመስለዋል" አሉኝ። "ወተት ምርቃት ነው። ላም የምትሰጠው እበት ነው። ላም የሌለው ቤት እንሰት የለውም፤ እንሰት የሌለው ቤት ዝናብ የቀረ ዓመት ይራባል።" በዚያው ጋሪ ቆጮ ጭነን ተመለስን፤ የሚሸጠው ልጣጩን ለሚሰጡት ቤቶች ነው። እኔ ስንት ዓመት ሰሌዳ ላይ የላምን ዋጋ በሊትር ብቻ ስለካ የኖርኩ ሰው፣ ያን ቀን በጋሪው ላይ ቁጭ ብዬ አፈርኩ። በጣም አፈርኩ።

እሁድ ከሰዓት መልሱን ጻፍኩ። አንድ ገጽ። የቦዩና የክምሩ ጥፋት እውነት መሆኑን አመንኩ፤ እማማም "እሱ ልክ ነው፤ ሽታው እኔንም አስቸግሮኛል፤ ጻፈው" አሉ። ከዚያ ያየሁትን እንዳየሁት ጻፍኩ። ሳነብላቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙና በሲዳሙ አፎ "ዳንቻ" አሉ፤ ጥሩ ነው ማለታቸው ነው። በአውራ ጣታቸው ፈረሙ።

የስብሰባው ቀን የቀበሌው አዳራሽ ሞላ። ሰብሳቢዋ መነጽር ያደረገች፣ ረጋ ያለች ወጣት ኃላፊ ነበረች። መጀመሪያ ክሱን አነበበች፤ ሦስቱንም ገጽ። ሰማይና መጪው ትውልድ ጋ ስትደርስ አቶ መስፍን ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀጥላ መልሱን አነሳች። ሁለት መስመር አንብባ ቆመች። ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ይዛ አየቻቸው፣ አንዱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋችው፣ ሌላውንም።

"ይቅርታ፣ እጅ ጽሑፉ አንድ ነው" አለች። "ሁለቱንም የጻፈው አንድ ሰው ነው?"

ከወደ ኋላ ሳቅ ተነሳ። እጅ ከፍንጅ ተያዝኩ። እንዴት ያንን አላሰብኩም? ሦስት ዲግሪ ይዞ፣ ክስና መልስ በአንድ እስክሪብቶ የሚጽፍ ሰው! አቶ መስፍን ዞር ብለው በዓይናቸው በሉኝ። ዝም ማለት እችል ነበር፤ ስሜ በአንዱም ላይ የለም። እማማ ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል፤ ጀርባቸው ነው የሚታየኝ፤ አልዞሩም። ያ ጀርባ አስነሳኝ።

"ሁለቱንም የጻፍኩት እኔ ነኝ" አልኩ።

ኃላፊዋ መነጽሯን አስተካክላ "ታዲያ የትኛው ነው እውነቱ?" ስትል ጠየቀችኝ።

"የመጀመሪያውን ሳላይ ጻፍኩት። ሁለተኛውን አይቼ ነው የጻፍኩት።"

ሳቁ አቆመ። ከዚያ እዚያው ቆሜ ያየሁትን ነገርኳቸው፤ ስለ ባልዲዎቹ፣ ስለ ጁስ ቤቶቹ፣ ስለ ቱላው እንሰት። ላሞች በዓለም ላይ ጥፋት አያደርሱም አላልኩም፤ ደን ተመንጥሮላቸው፣ የሰው እህል ተፈጭቶላቸው የሚኖሩ እንዳሉ ተናገርኩ። እነዚህ ሦስቱ ግን የሰፈራችንን ጥራጊ ወደ ምግብ የሚመልሱ ናቸው፣ አይጥ በበላ ዳዋ አይመታ አልኩ። አቶ መስፍን ማይኩን ያዙ። በእኔ የተናደዱትን ያህል ተናገሩ፤ ደግሞም እውነት አላቸው። "ሁሉም ጥሩ ነው፤ በሬ ላይ የሚወርደውን ግን ማን ያነሳዋል? በትምህርት ይታጠባል?" አሉ።

ኃላፊዋ ከቀበሌው ኮሚቴ ጋር ተማክራ ወሰነች። ክምሩ በጉድጓድ እንዲሆንና እንዲከደን፣ እጣቢው ቦይ እንዳይነካ፣ በረቱ በየቀኑ እንዲጠረግ፤ ይህ ለመፈጸሙ አንድ የሰፈሩ ነዋሪ በኃላፊነት ይፈርም፤ አንድ ቀን ቢጓደል ላሞቹ ይወጣሉ። ማን ይፈርማል ስትል አዳራሹ ሁሉ ወደኔ ዞረ። ሄጄ ፈረምኩ። በዚያው እስክሪብቶ።

ወደ ቤት ስንመለስ እኔና እማማ ጎን ለጎን ነው የሄድነው፤ ዳገቱን ቀስ እያልን። ይቅርታ ልላቸው ስጀምር አቋረጡኝ። ክሱን የጻፍኩት እኔ መሆኔን ገና በጻፍኩ በማግስቱ ሰምተው ነበር፤ ከፈረሙት አንዷ ወተት ልትወስድ መጥታ በአጥሩ ላይ ነግራቸዋለች። ቆሜ ቀረሁ።

"እያወቁ ለምን ወደኔ መጡ?"

"ክሱን ያሳመረ መልሱንም ያሳምራል ብዬ ነው" አሉኝ። "ደግሞ ላም ያላየ ሰው በላም ላይ ቢጽፍ ምን ይገርማል? ያዘንኩት ስለ ክሱ አይደለም። ሳምንቱን ሙሉ አብረኸኝ ስትውል አልነገርከኝም።"

እዚያው መንገድ ላይ እንባዬ መጣ። ሊያጽናኑኝ አልሞከሩም፤ እንዲህ ዓይነት ነገር አያውቁበትም። "ይቅርታ በአፍ አልፈልግም" አሉ። "ነገ አስራ ሁለት ሰዓት ና። ያንን የሸራ ጫማህን ደግሞ ተወው፤ ቦት ግዛ።"

ሄድኩ። ሰባት ዓመት ሄድኩ። ጉድጓዱን ቆፈርን፣ ክዳን ሠራንለት፤ ጠዋት ጠዋት እበት እዝቃለሁ፣ እሳቸው ያልባሉ፣ እየተጨቃጨቅን። ተማሪዎቼ አንድ ጠዋት ባጃጅ ውስጥ ሆነው በጭቃ ተለውሼ አዩኝና ወሬው ግቢውን አዳረሰ፤ በማግስቱ እነሱንም ይዤያቸው መጣሁ። እማማ ለሁለት አካፋ፣ ለሁለት ባልዲ፣ ለቀሩት መጥረጊያ ሰጥተው ከሰሌዳ የማይገኘውን ትምህርት አስተማሩልኝ። በሦስተኛው ዓመት ሰላምን እንዳልባት ፈቀዱልኝ። ትዕግሥትን አንዴ ሞከርኩ፤ ጉልበቴ አሁንም ክረምት ሲገባ ይነግረኛል። አቶ መስፍን ለሁለት ዓመት ሰላምታዬን አልመለሱም። በኋላ የልጅ ልጃቸው ስትወለድ ሠራተኛቸው አረንጓዴ ጨርቅ የታሰረበት የልጣጭ ባልዲ ይዛ ወተት ልትወስድ መጣች። ባልዲው እየተመላለሰ፣ እኔና እሳቸው ሰላምታ ጀመርን። ያን ሁሉ ጊዜ ግን አንድ ቀን እንኳ እግራቸው የበረቱን ደጃፍ አልረገጠም።

አርብ ቀበርናቸው። ቀብሩ ዝማሬ የበዛበት ነበር፤ ድንኳን ውስጥም የሚመጣው ሰው ሁሉ አንድ የእማማን ነገር ያወራና ይስቃል፤ ከሳቁ በኋላ ነው እንባው። አዲስ አበባ ያለው ልጃቸው አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። ጨዋ ልጅ ነው። ማናቸውም ሥራቸውን ጥለው እዚህ መኖር እንደማይችሉ፣ ላሞቹን ሰኞ ሊሸጡ እንዳሰቡ በቀስታ ነገረኝ። ያንተም ፊርማ ከእናቴ ጋር አብቅቷል፣ አንተንም አናስቸግርህም አለኝ። ልክ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ማለቡንም መጥረጉንም አይችልም፤ እኔም ሁለት ሰዓት ላይ ክፍል አለኝ።

ይህንን እያወራን ላሞቹ ጮኹ። የመታለቢያ ሰዓታቸው አልፏል፤ ላም ለቅሶ አታውቅም። ተነስቼ በጥቁር ሱፌ ላይ ቦት ጫማዬን አደረግኩና ወደ በረቱ ሄድኩ። ሰላም ሥር ተቀምጬ ማለብ እንደጀመርኩ ከኋላዬ የእግር ኮቴ ሰማሁ። ዞር ስል አቶ መስፍን ናቸው። ኮታቸውን አውልቀው አጥሩ ላይ ሰቅለዋል፤ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው አካፋ ይዘው ቆመዋል።

"መምህር፣ ከየት ነው የሚጀመረው?" አሉኝ።